ስኳር የሌለው ጠዋት

ነርሷ ክንዴን ጠፍራ ነፍታ ነፍታ ለቀቀች፣
ሰዓቷን አየች፣ ቁጥሩን ጽፋ ደበቀች።
"ስንት ነው?" አልኳት።
"ሻይ ትወጃለሽ?" አለች።

ሃያ ሰባት ዓመት ከፈትል ክፍል ቆሜ፣
በአራት ማንኪያ ስኳር ሲታለል ድካሜ፣
ማሽኑ ሲያጓራብኝ የሌሊቱን ፈረቃ፣
በብርጭቆው ጥፍጥና ነበር የምነቃ።
አሁን ተነገረኝ፦ ጨው ቀንሺ፣ ስኳር ተይ፣
ክኒንሽን ዋጪ፣ በእግርሽ ሄደሽ ሐይቁን እይ።

ምላሴ ጡት እንዳስጣሉት ሕፃን ሌሊት ሌሊት አነባ፤
ለቅሶ ቤት እንኳ ስቀመጥ፣ ሻዩ በትሪ ሲዞር
ዓይኔ ከሬሳው ይልቅ ከብርጭቆው ገባ።

ልጄ ትርሲት መጣች ካርቶን በእጇ ይዛ፣
ቅጠል የተሳለበት፣ ጽሑፉ ባለ ለዛ።
"ሰውነት ያጸዳል፣ አእምሮ ያሳርፋል፣
እንቅልፍ ይጠራል" ይላል፤ ምን ያልጻፈው ይተርፋል?
ከረጢቷን ነከርኩ፣ ክሯ ተንጠልጥላ፣
ውሃው ትንሽ ገረጣ፤
ሻይ ሳይሆን የሻይ ጥላ።
ትርሲት ዓይን ዓይኔን አየች። "ይጥማል" አልኳት ዋሽቼ፤
ስትሄድ አፈሰስኩት ከፓፓያው ሥር ወጥቼ።

መታመሜን ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ።
የሻረግ ሽፈራው አመጣች፣ አድርቃ፣ ፈጭታ፣
"በባዶ ሆድ!" አለች፣ ጣቷን ቀስራ ተቆጥታ።
ቀመስኩት፤ ጊደር ብሆን ቀለቤ ነው ባልኩኝ፣
ሰው ሆኜ ግን ሁለት ሳምንት አፍንጫዬን ይዤ ጠጣሁኝ።
ጋሽ አንዳርጌ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ከዝንጅብል
አፍልተው ሰጡኝና ባሌ ሸሸ ወደ ሌላ ክፍል።
ማታ ማንኪያው ሲያንኳኳ እሰማለሁ፣ ከወጥ ቤት፣ በድብቅ፤
ይስማው ስኳር ያማስላል፣
እኔ በጨለማ ስስቅ።

አሁን ሲነጋጋ እወጣለሁ በዘንባባው መንገድ።
ባጃጁ "እማማ፣ ግቢ" ይለኛል፤
"ታዞልኛል" እላለሁ፣ "መሄድ።"
ከሐይቁ ዳር ይርገዱ አለች፣ ሦስት ፔርሙስ ደርድራ፤
አንዱ ቀይ ሻይ፣ አንዱ ቡና፣ በሦስተኛው የኔ ተራ፦
ጠጅ ሣር ከጦስኝ ጋራ፣ ኮሰረት ጣል አድርጋበት፣
ጎህ ሳይቀድ ከጓሮዋ ቀጥፋ ከነጤዛው ጨምራበት።
"ከምን ያድናል?" አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች፤
"እኔ ሻጭ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤
ይሞቃል" ብላ ሳቀች።

ብርጭቆዬን ይዤ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፣
ጣናን እንደ ታመመ ጎረቤት ጠየቅኩ።
ይብራው ከመንቁሩ ሥር ከረጢቱን አንጠልጥሎ
እንደ ትርሲት ሻይ ይነከራል፣
ውሃው ይለወጥ ይሆን ብሎ።
ከወዲያ ማዶ ነፋስ የነዳው እምቦጭ ዳሩን ለብሷል፤
የአስጋሪው ታንኳ ሊወጣ ሞክሮ፣ ቅጠል ይዞት ተመልሷል።
አበባውን ላየው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፤
በካርቶን ላይ ቢሳል፣ "ያጸዳል" ተብሎ፣ ገበያ ያደራል።

እኔን በቅጠል ሲያክሙኝ አንተን ቅጠል አሳመመህ፤
ለኔስ ውሃ አፈሉልኝ፣
ውሃውን ራሱን ሲያመው
ምን ላፍላልህ?

በወሩ ተመለስኩ። ነርሷ ነፍታ ለቀቀች፣
"ወርዷል" አለች፣ "ትንሽ።" ቁጥሩንም አልደበቀች።
"ምን ምን ወሰድሽ?" ስትለኝ ቆጠርኩላት፦ ክኒኑን፣
መንገዱን፣ ጠጅ ሣሩን፣ የሻረግን መራራ ዱቄት፣
የይስማውን ማንኪያ፣ በሌሊት የሳቅኩትን።
የቱ እንዳወረደው እሷም አላወቀች፣ እኔም።
"አንዱንም አትተይ" አለችኝ፣
"ከሁሉ ግን ክኒኑን።"

ዛሬም ጠዋት ሄድኩ። የመጨረሻዋን ጉንጭ አልጠጣሁም፤
ጎንበስ ብዬ፣ እምቦጩን በእጄ ገለል አድርጌ፣
ወደ ሐይቁ ደፋኋት።
ይርገዱ ክዳኑን እየዘጋች አየችኝ፤
"ደግሞ ለሱ ምን ያደርግለታል?"

"ይሞቃል" አልኳት።